የወረደ የመኪና በር ሲስተካከል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአለም ገናና በሰበታ መስመር ባሉ ጋራዦች፣ የሾፌር በሩ ወርዶ በእጅ ካልተነሣ በቀር የማይዘጋ አሮጌ ኮሮላ ወይም ላዳ ማየት የተለመደ ነው። እጅግ የሚያናድደው ግን፣ በሩን ትቶ በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ያለውን የቁልፍ መያዣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ወደ ታች የማውረድ ልማድ ነው። መያዣው የተሠራው የተዘጋውን በር አጥብቆ እንዲይዝ እንጂ የበሩን ክብደት እንዲሸከም አይደለም። በሩ ለጊዜው ስለሚዘጋ ባለመኪናው አመስግኖ ይሄዳል፤ በሩ የተንጠለጠለበት ማጠፊያ ግን መበላቱን ይቀጥላል፣ ክፍተቱም ከላይና ከታች እኩል ስለማይሆን በክረምት ውኃ ያስገባል። ትክክለኛው አሠራር መያዣውን ጨርሶ ፈትቶ፣ በሩን በቀስታ ገጥሞ፣ ብቻውን የት ላይ እንደሚያርፍ ማየት ነው፤ መያዣው የሚመለሰው በሩ በማጠፊያው ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ምክንያቱን ሳይለዩ ብሎን ማጥበቅም ትርፉ ድካም ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ አንድ ሰው ጫፉን ወደ ላይ ያንሣ፣ ሌላው ጣቱን ማጠፊያው ላይ ያሳርፍ። ፒኑ ውስጥ ለውስጥ ከተንቀሳቀሰ ፒኑ ወይም ቦኮላው (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል፤ አዲስ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ማጠፊያው ራሱ በታሰረበት ምሰሶ ላይ ከተንሸራተተ ብሎኑ ላልቷል። የምሰሶው ላሜራ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ግን ተሰንጥቋል ወይም ዝጎ ሳስቷል፤ ይህ የባትላሜራ (የመኪና አካል ቀጥቃጭና በያጅ) ሥራ ነው።

ለማጆች ደግሞ ሁሉንም ብሎን በአንድ ጊዜ ይፈታሉ። ልጆቹ ለሥራ ያላቸው ጉጉት ደስ ይላል፤ ሆኖም አንዱ እንዲህ ሲያደርግ በሩ ተንሸራቶ የፓራፋንጎውን (የፊት ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ላሜራ) ጠርዝ ሲያጣምመው አይቻለሁ፣ ለፓራፋንጎው የወጣው ወጪም ከበሩ ዋጋ በለጠ። አስቀድሞ የማጠፊያው ዙሪያ በምስማር ጫፍ ምልክት ይደረግበት፣ በሩ ከሥሩ እንጨትና ጨርቅ በተደረገበት ክሪክ ይደገፍ፣ ከዚያም አንዱ ማጠፊያ ብቻ ላላ ተደርጎ በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከል።

ማጠፊያን ከምሰሶ ጋር መበየድ ፈጽሞ አይገባም።

ባለአራት በር መኪና ላይ ከፊት በር መጀመርም ስህተት ነው፤ የኋላው አካል የማይነቃነቅ በመሆኑ መጀመሪያ የኋላ በር ከእርሱ ጋር፣ ቀጥሎ የፊት በር ከኋላው በር ጋር፣ በመጨረሻም ፓራፋንጎው ከፊት በሩ ጋር ይገጣጠማል።