የፓኬጅ ስምን በታብ ቁልፍ ማሟላት

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ኮምፒውተሩን በስልክ ዳታ ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ሰው፣ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች ላይ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን ሲነሣ የፓኬጁን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ታሽጎ የሚቀርብበትን ጥቅል፣ ትክክለኛ ስም ማወቅ አለበት። ስሙን ከድረ ገጽ መፈለግ ዳታ ይጨርሳል። በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ ትዕዛዞችን የሚቀበለው ባሽ የተባለው ፕሮግራም ግን የታብ ቁልፍ ሲጫኑ በዲስኩ ላይ ካለው ዝርዝር አንብቦ ስሙን ስለሚያሟላ ለዚህ ሥራ ኔትወርክ አያስፈልገውም።

ይህን የሚያስችለው ባሽ-ኮምፕሊሽን የተባለው ፓኬጅ ነው። ከኡቡንቱ ዴስክቶፕ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በአነስተኛ ይዘት በተጫነ ዴቢያን ላይ ግን ላይኖር ስለሚችል «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ባሽ-ኮምፕሊሽን» ብለው ይጫኑት (አፕት ፓኬጆችን የሚጭንና የሚያጠፋ ፕሮግራም ነው፤ ሱዶ ደግሞ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈጽማል)፤ ከዚያም ተርሚናሉን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ። እዚህ በድምፃቸው የተጻፉት ትዕዛዞች ሁሉ የሚገቡት በላቲን ፊደል ስለሆነ የአማርኛውን ኪቦርድ አስቀድመው ይቀይሩ።

ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚለውን ትዕዛዝ ይስጡ። ዝርዝሩን ከኢንተርኔት አውርዶ ዲስኩ ላይ የሚያስቀምጠው ይህ ነው፤ ዝርዝሩ ከሌለ ታብ የሚያሳየው አዲስ ስም አይኖርም። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ሞላሌ የሚጓዝ ሰው ኔትወርኩ ደህና በሆነበት ስፍራ ይህን ፈጽሞ ቢነሣ፣ ፓኬጁን ለማውረድ ኔትወርክ እስኪያገኝ ድረስ የሚፈልጋቸውን ስሞች በእርጋታ መለየት ይችላል።

አሁን አቢሲኒካ የተባለውን የግዕዝ ፎንት እንጫን። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፎንትስ-ሲል-» ብለው ኢንተር ሳይጫኑ ታብን ሁለት ጊዜ ይምቱ፤ በዚህ የሚጀምሩ የፎንት ፓኬጆች ይዘረዘራሉ። ከዚያ ኤ እና ቢ የሚሉትን ሁለት ፊደላት ጨምረው ታብን ሲደግሙ ስሙ እስከ መጨረሻው ይሞላል። የዴቢያን ፓኬጆች ስም ሁልጊዜ በትናንሽ ፊደላት ስለሚጻፍ ትልቅ ፊደል አይጠቀሙ። ተመሳሳዮቹ ከ100 ካለፉ ባሽ ሁሉንም ላሳይ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ኤን (አይ) ብለው አንድ ሁለት ፊደል መጨመር ይሻላል።

ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ፕሮግራም ሲያጠፉ የሚታየው ነው። ከ«አፕት ሪሙቭ» በኋላ ታብ የሚያቀርበው ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑትን ብቻ ስለሆነ፣ ሊያጠፉ ያሰቡት ፓኬጅ በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጡበታል። ሆኖም ታብ ስም ከማሟላት አልፎ ማጥፋቱ የሚያስከትለውን ስለማይነግር፣ አፕት አብረው የሚጠፉትን ዘርዝሮ ማረጋገጫ ሲጠይቅ ሳያነቡ እሺ አይበሉ።

ታብ ምንም ካላመጣ ከስሙ መጀመሪያ የጻፏቸውን ፊደላት ይመርምሩ፤ ማሟላቱ የሚያመሳስለው ከመነሻው እንጂ ከመሃሉ አይደለምና። የሚያስታውሱት የስሙን መካከል ብቻ ከሆነ «አፕት ሰርች» ብለው ቃሉን ያስከትሉ፤ እሱም ያንኑ የዲስክ ዝርዝር ስለሚያነብ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።