መዶሻውን አስቀምጡት፦ ኩሽኔታ በፑለር ሲወጣ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ሮተር፣ ማለትም የሞተሩን የሚሽከረከር ክፍል፣ ተሸክሞ ሱቄ መጣ። ቤታቸው ሮቶ የሚሞላው የውሃ ፓምፕ ነው። ገልጬ ሳየው የሻፍቱ (ኩሽኔታው የሚገባበት ዘንግ) ጫፍ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቷል።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታው እምቢ አለኝ» አለኝ።

«በምን ሞከርክ?» አልኩት። መልሱን ሳይነግረኝም ገብቶኛል።

«በመዶሻ።»

አልተቆጣሁትም። እኔም ሥራ ስጀምር እንደዚሁ አበላሽቻለሁ፤ ያውም የደንበኛ ዕቃ። እዚሁ አዳማ የአንድ ወፍጮ ቤት ሞተር ነበር። ኩሽኔታውን ከኋላ በካቻቢቴ እየፈነቀልኩ፣ ሻፍቱን ከፊት እየወገርኩ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መውጣቱን ወጣ። አዲሱ ግን በተጨፈለቀው ጫፍ በኩል አልገባ አለ። ቶርኖ ቤት ወስጄ ከኪሴ ከፍዬ አስላጥኩት። ባለቤቷ እትዬ እህል ይዞ የመጣውን ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ሲመልሱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን መጥተው «ልጄ፣ ካልቻልክ ካልቻልኩ በል፤ ምን ቸገረህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፑለር፣ ማለትም ኩሽኔታውን በእግሮቹ ይዞ መሃሉ ላይ ባለው ብሎን ስቦ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ ሳልይዝ ሮተር አልነካም።

ፑለር ልትገዙ ከሆነ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ጥቁር ከሆነ በናፍታ ጨርቅ ጥረጉት፤ ይወጣል። በትንንሽ የውሃ ፓምፖች ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው 6203 ነው። ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12። 6205 ከሆነ ደግሞ 25፣ 52 እና 15 ነው። በእነዚህ ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለቱ 04 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ በ5 አባዟቸው፤ የሻፍቱን ውፍረት ይሰጣችኋል። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) የሌለው ሰው በዚህ ብቻ ብዙ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፤ የውስጥና የውጭ። በመሃል ብዮቹ አሉ። በኤሌክትሪክ ሞተር ላይ ሻፍቱን ጥርቅም አድርጎ የያዘው የውስጡ ነው። የውጩ ክዳኑ ውስጥ ለቀቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ፑለሩ መያዝ ያለበት የውስጡን ቀለበት ነው። የውጩን ይዛችሁ ብትስቡ ጉልበቱ በብዮቹ በኩል ያልፋል፤ ብዮቹም በሚሄዱበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ይተዋሉ። በዓይን ላይታይ ይችላል። መልሳችሁ ስትገጥሙት ግን ሞተሩ ያጓራል። ኩሽኔታው የሚጣል ከሆነ ከየትም ያዙት፣ ግድ የለም። ጤነኛውን አውጥታችሁ ልትመልሱት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ።

ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ሁለት እግር ይሻላል ባለ ሦስት?» ብሎ ነው። ቦታ ካለ ባለ ሦስት ይሻላል፤ ጉልበቱን እኩል ያካፍላል፣ አይንሸራተትም። ቦታ ከጠበበ ባለ ሁለት። ከእግሩ ቁጥር ይልቅ እኔ የማየው ጥፍሩን ነው። ከኩሽኔታው ኋላ ያለው ክፍተት አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥፍሩ ወፍራም ከሆነ አይገባም፤ የቱንም ያህል እግር ቢኖረው ዋጋ የለውም። እንዲህ ላለው ቦታ ሰፓሬተር የሚባል አለ። ለሁለት የተከፈለ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ጠርዙ እንደ ቢላ የሾለ። ከኩሽኔታው ኋላ ግራና ቀኝ ታስገቡትና በሁለት ብሎን ታጠባብቁታላችሁ። ከዚያ ፑለሩ እሱን ይዞ ይስባል። እኔ አንድ ዕቃ ብቻ ግዛ ብባል የምገዛው እሱን ነው።

ስፋቱን ሁሉም ይለካል፤ ርዝመቱን ግን ይረሱታል። ከሻፍቱ ጫፍ እስከ ኩሽኔታው ጀርባ ያለውን በማስመሪያ ለኩ። የፓምፕ ሻፍት ውሃ በሚገፋበት በኩል ረጅም ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነና የፑለራችሁ እግር 8 ከሆነ፣ ያው ተመልሳችሁ ወደ መዶሻ ልትሄዱ ነው።

ጥራቱን ደግሞ ቀለሙን አይታችሁ አትፍረዱ። አንድ ጊዜ የሚያብለጨልጭ ባለ ሦስት እግር ገዛሁ። ሁለተኛ ቀኑ ላይ፣ የብሎን ማጥበቂያ ቁልፉን እጀታ በቧንቧ አስረዝሜ ስጭነው፣ አንዱ እግር ተሰብሮ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የብረት በሩን መታው። በሩ ላይ ያለው ስርጉድ አሁንም አለ። ስብርባሪውን አንስቼ ሳየው ውስጡ እንደ ተሰበረ አሞሌ ጨው ሻካራና ግራጫ ነው፤ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት። እንዲህ ያለው ሳይታጠፍ፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። ተቀጥቅጦ የተሠራውን ጠይቁ። መሃሉ ላይ ያለውን ብሎን በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ ሳይንገጫገጭ መሄድ አለበት። ጥርሱ ቀጭን ቢሆን ይመረጣል፤ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይስባል። ጥፋቱ የዕቃው ብቻ አልነበረም፣ ቧንቧው የእኔ ነው። ቁልፉ ብቻውን ካልቻለ ፑለሩ አንሶታል ማለት ነው፤ ትልቅ ተዋሱ።

ሥራው ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኩሽኔታውን የሚቆልፍ ቀለበት ሻፍቱ ላይ ካለ አውጡ። ይሄን ረስቶ ፑለር ያጣመመ ሰው አውቃለሁ፤ ረዳቴ ነው። በኩሽኔታውና በሻፍቱ ጫፍ መካከል ያለውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ቆሻሻው ላይ ስትስቡ ሻፍቱን ይቧጭረዋል። የፑለሩን ብሎን ግሪስ ቀቡት። የሻፍቱ ጫፍ መሃል ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ የብሎኑ ሹል እዚያ ላይ ይቀመጣል። ከሌለች ጠፍጣፋ ብረት አስገቡ፤ ሹሉ ሻፍቱን እንዳይበሳው።

እግሮቹን አስይዙና ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ ራቅ ብላችሁ እዩት። ብሎኑና ሻፍቱ አንድ መስመር ላይ ናቸው? አንዱ እግር ዝቅ ብሏል? ተንጋዶ ከጀመረ ተንጋዶ ነው የሚጨርሰው። ቀጥ ሲል በጨርቅ ሸፍኑት፣ መነጽር አድርጉ፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር። ከረር ሲል ቁሙ። አንዳንዴ ምንም ሳትነኩት ቋ! ብሎ ራሱ ይለቃል። ካለቀቀ የብሎኑን ራስ በትንሽ መዶሻ ቀጥታ አንዴ መታ አድርጉ። አዎ፣ መዶሻ። እዚህ ላይ ብቻ ነው የምፈቅደው፤ እሱም የብሎን ፑለር ከሆነ። ባለ ሃይድሮሊኩን፣ በዘይት ግፊት የሚሠራውን፣ አትምቱት።

እምቢ ካለ ናፍታ አንጠባጥባችሁ እስከ ነገ ተዉት። ሞተር ላይ ኦክሲጅን እሳት አታስጠጉ፤ የሽቦው ቫርኒሽ ይቃጠልና ለጠምጣሚ ሌላ ሥራ ትፈጥራላችሁ።

ኩሽኔታው ያለው ከኋላ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ እግር የሚይዘው ነገር የለም። ለዚህ ከውስጥ ቀዳዳውን የሚይዝ፣ ዘንግ ላይ የሚንሸራተት ክብደት ያለው ፑለር አለ። ክብደቱን ወደ ራሳችሁ ስትወረውሩት ሲያቆም በሚሰጠው ምት ያወጣል። የሌለው ሰው ደግሞ ዳቦ ይጠቀም። አትሳቁ። የዳቦውን ልብ ውሃ አርሱና በቀዳዳው በኩል ጠቅጥቁት፤ በቀዳዳው ልክ የሆነ ዘንግ አስገብታችሁ ምቱ። ዳቦው መሄጃ ሲያጣ ኩሽኔታውን ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል። ግሪስም ይሠራል፤ ግን ፊታችሁን ይቀባል።

የባጃጅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ቮላኖ፣ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ስለሚዞረው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት፣ ይጠይቁኛል። ቮላኖን ጠርዙን ይዛችሁ በእግር ፑለር አትሳቡ፤ ይጣመማል። ብዙዎቹ መሃላቸው ላይ የብሎን ጥርስ አላቸው፣ የራሱ ፑለር እዚያ ይታሰራል። ጥርሱ እስከ መጨረሻው መግባቱን ሳታዩ አታጥብቁ።

አዲሱን ስትመልሱ ኩሽኔታውን አሙቁት። ንጹሕ ዘይት በድስት ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ይበቃል፤ ከ120 አታሳልፉ። ይሄ ግን ክፍቱን ዓይነት ነው። በጎማ የተሸፈነውን ዘይት ውስጥ አትንከሩት፤ በፌስታል ጠበቅ አድርጋችሁ አስራችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ አቆዩት። አዳማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ልታቃጥሉት ብትፈልጉም አትችሉም። 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 80 ዲግሪ ሲጨምር የሚሊ ሜትር ሁለት መቶኛ ያህል ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በእጅ ሸርተት ብሎ ይገባል። ስትገዙም በጎማ የተሸፈነውን፣ 2RS (2አርኤስ) የሚለውን ውሰዱ። የአዳማን ነፋስና አቧራ በብረት የተሸፈነው አይችለውም።

የልጁን ሻፍት በሞረድ ዙሪያውን ላጭቼ አስተካከልኩለት፤ ደግነቱ ብዙ አልተጎዳም። አንደኛውን ኩሽኔታ እኔ አወጣሁ። ሁለተኛውን ለእሱ ሰጠሁት። ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር ሲል ቆይቶ ቋ! ሲል ደንግጦ ቁልፉን ለቀቀ። ሒሳቡን ከፍሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ አሮጌዎቹን ልውሰዳቸው? ታናሽ ወንድሜ የእንጨት መኪና እየሠራ ነው፤ ጎማ ቸግሮታል።»

ሁለት 6203 አይበቃውም ብዬ ከጣሳው ውስጥ ሁለት ጨመርኩለት።