አሜሪካ ገብታችሁ ለኮሌጅ ስኮላርሺፕ ስትፈልጉ
ሜሪላንድ ተምሬ ተመልሻለሁ፤ አሁን የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ብዙም ሳልርቅ ነው። ልጃቸው በዲቪ የሄደባቸው ጎረቤቶች «ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚሰጠው ማነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃውን ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት የልጃቸውን አመጡልኝ። 12ኛ ክፍል የጨረሰው በ2014 ይላል፤ በፈረንጆቹ 2022 መሆኑ ነው። እንዲሁ ቢላክ ኖሮ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ልጁ ስምንት ዓመት ቁጭ ብሎ የከረመ ይመስለው ነበር። ስለዚህ ሲተረጎም ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ስማችሁም በግሪን ካርዱና በትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ሲጠፋ ብዙ ያመላልሳል። ትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕቱን አሽጎ የሰጠበት ፖስታ ደግሞ ማኅተሙ ክዳኑ ላይ እንዳለ ተቀዶ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ውጤቱን ለማየት ጓጉቶ ነው። ኮሌጆች የተከፈተ ፖስታ አይቀበሉም፤ እንደገና መሰለፍ ግድ ሆነ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ትራንስክሪፕቱን እንዲያወጣላችሁ ከፈለጋችሁ በኤምባሲ በኩል ውክልና ላኩ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ፋፍሳ (FAFSA) የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ። በነጻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 1 በፈረንጆቹ ይከፈታል፤ ግሪን ካርድ ያላችሁም፣ በስደተኝነት የገባችሁም፣ ጥገኝነት ያገኛችሁም ትችላላችሁ። ብዙ የግል ስኮላርሺፖችም ውጤቱን ይጠይቃሉ።

ከዚያ ሩቅ አትሂዱ። ስማቸው የገነነውን የአገሩ ተማሪ ሁሉ ይሻማባቸዋል። የኮሌጃችሁ ፋውንዴሽን፣ የከተማችሁ የበጎ አድራጎት ፈንድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የወላጆቻችሁ መሥሪያ ቤት የሚሰጡት 500 ወይም 1,000 ዶላር ግን አመልካቹ ጥቂት ነው። ሦስት አራት ሲደመር የመጽሐፍና የትራንስፖርት ጭንቀት ይቀላል። ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ስትደርሱ ግን ለአዲስ አሜሪካውያን የተቋቋመውን የፖልና ዴዚ ሶሮስ ፌሎሺፕ አትርሱ፤ እስከ 90,000 ዶላር ይሰጣል።

አንድ ሰው ስኮላርሺፕ ለማግኘት ወይም ለማመልከት ገንዘብ ክፈሉ ካላችሁ አትክፈሉ። ስኮላርሺፕ ስታገኙ ደግሞ ኮሌጁ የራሱን እርዳታ ይቀንስ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ይቀንሳሉ። ሜሪላንድ በ2017 ይህን ለመንግሥት ኮሌጆች በሕግ በመገደብ የመጀመሪያዋ ግዛት ናት።

ከማመልከቻው ጋር የሚጻፈው ድርሰት ላይ ልጆቻችን ይሸነፋሉ። ስለራስ ማውራት ነውር ሆኖብን አድገናል፤ ስለዚህ ወይ ችግራቸውን ብቻ ይዘረዝራሉ፣ ወይ «አገሬን ለማገልገል» ብለው ያቆማሉ። ይልቅ የሠራችሁትን ጻፉ፦ ፒያሳ የአባትህን ሱቅ ሒሳብ ትይዝ ከነበረ፣ ማታ ማታ ታናናሾችሽን ታስጠኚ ከነበረ፣ ያን ቀን በቀን እንደነበረው ተርኩት። ይህ ከማንኛውም ትልቅ ቃል ይበልጣል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር አዲስ አበባ ካለ አሁኑኑ ደውሉ። ሐምሌ ከገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ መምህሩም አገር ቤት ይሄዳል፤ የትምህርት ቤቱን ማኅተም የሚመታላችሁም አይገኝም።