ድሮኑ ቦታውን አልይዝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ፣ በጂፒኤስም ያለ ጂፒኤስም

ባትሪው መሙላቱን፣ ፕሮፔለሮቹ በየቦታቸው መግባታቸውን፣ የካሜራው መከላከያ መነሳቱን አይታችኋል ብለን እንለፍ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ነው፤ ድሮኑ ተነስቶ አንድ ቦታ አልቆም ሲል፣ ሲንሸራተት፣ ሲዞር ወይም ሳይታዘዝ ሲሄድ።

ድሮን በሸሸ ቁጥር የሚወቀሰው ጂፒኤሱ ነው። ደጋግሞ የሚገኘው ጥፋተኛ ግን ኮምፓሱ ነው፤ እሱንም ያሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ድሮኑ የተነሳበት ቦታ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ ይለይ። ሚዛኑን የሚጠብቁት ጋይሮስኮፑና አክስለሮሜትሩ ናቸው። ከፍታውን ባሮሜትሩ ይይዛል። ጂፒኤሱ የት እንዳለ ይነግረዋል፤ ኮምፓሱ ደግሞ አፍንጫው ወዴት እንደዞረ። ዝቅ ብሎ ሲበር ከሆዱ ሥር ያሉት ካሜራዎች የመሬቱን ገጽታ እያዩ ቦታ ለመያዝ ያግዙታል። ጂፒኤሱም የሆድ ካሜራዎቹም ከጠፉ ድሮኑ አቲ ሞድ ውስጥ ይገባል። ያኔ አይገለበጥም፣ ከፍታውንም አይለቅም፤ ነገር ግን ነፋሱ ወደ ወሰደው ይሄዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከብልሽት ዝርዝር ይውጣ። በጂፒኤስ ብቻ የቆመ ትንሽ ድሮን እስከ 1.5 ሜትር ወዲህና ወዲያ ማለቱ ጤነኛ ጠባዩ ነው። ለዚህ ብሎ መክፈትም ካሊብሬት ማድረግም (ልኬቱን እንደ አዲስ ማስተካከልም) አያስፈልግም።

ምልክት፦ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይዞራል፣ ወይም ስቲክ (የሪሞቱ መንጃ ዘንግ) ሳይነካ በአንድ አቅጣጫ ይፈተለካል

ይህን በደንብ አንብቡት፤ ብዙ ድሮን የሚጠፋው በዚህ ነው።

መንስኤው የተዛባ ኮምፓስ ነው። የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ብቻ የሆነ ደካማ ነገር ነው። ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ፣ የፍሳሽ ቱቦ የብረት ክዳን፣ የመኪና ጣሪያ፣ የብረት ጠረጴዛ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ድምጽ ማጉያ፣ በማግኔት የሚዘጋ የድሮን ቦርሳ፣ ሁሉም ያጣምሙታል።

አሁን የሚሆነውን ተከታተሉ። ድሮኑን ነፋስ 1 ሜትር ወደ ምሥራቅ ገፋው እንበል። ጂፒኤሱ ይህን በትክክል ያውቃል፤ ወደ ምዕራብ መመለስ አለበት። ኮምፓሱ 40 ዲግሪ ከሳተ ግን ምዕራብ ብሎ የሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያደላል። ሲያይ አሁንም ቦታው ላይ የለም። ያርማል፤ እርማቱም በዚያው 40 ዲግሪ ይስታል። እንዲህ እያለ ክብ ይሠራል። ስህተቱ ትንሽ ከሆነ ክቡ ጠብቦ ይረጋጋል፣ ሲጨምር ይሰፋል። ከ90 ዲግሪ ካለፈ ለመመለስ ያደረገው ጥረት ሁሉ ይበልጥ ያርቀዋል፣ በራቀ ቁጥርም ይበልጥ ይፈጥናል። ባለቤቱ "ድሮኑ አበደ" የሚለው ይሄኔ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ችግሩ መሬት ላይ አለመታየቱ ነው። ድሮኑ ሲበራ የመጀመሪያ አቅጣጫውን ከኮምፓሱ ይወስዳል፤ በብረት የተዛባውን ማለት ነው። ጋይሮስኮፑ ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። ጥቂት ሜትር ወጥቶ ከብረቱ ሲርቅ ኮምፓሱ ትክክለኛውን ማንበብ ይጀምራል፤ ጋይሮስኮፑ ግን የቀድሞውን እንደያዘ ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ድሮኑ ወይ መዞር ይጀምራል፣ ወይ ጂፒኤሱን ጥሎ አቲ ሞድ ውስጥ ይገባል። በዚያው ሰዓት አፑ 16 ሳተላይት አለኝ ይላል። ሳተላይቱ እኮ አልጎደለም፤ የጠፋው አቅጣጫው ነው።

ይህን ሳይነሱ የሚያጋልጥ፣ ከጥቂት ሰከንድ የማይበልጥ ምርመራ አለ፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ሰው ነው። ድሮኑን አስቀምጣችሁ አብሩት። አፍንጫውን ከምታውቁት ነገር ጋር አስተካክሉ፤ ቀጥ ካለ መንገድ ወይም ከሕንጻ ጠርዝ ጋር። ከዚያ አፑ ላይ ካርታውን ከፍታችሁ አጉሉትና ድሮኑን የሚወክለውን ቀስት ተመልከቱ። ቀስቱ ካርታው ላይ በዚያው መንገድ አቅጣጫ ካመለከተ ተነሱ። መንገዱን አቋርጦ ከዞረ፣ አፑ ምንም ማስጠንቀቂያ ባይሰጥ እንኳ፣ አትነሱ።

መፍትሄው ቀላል ነው። ድሮኑን አጥፉት፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር ወደ አፈር ወይም ሣር ውሰዱት፣ እንደገና አብሩት፣ ቀስቱን ዳግም እዩ። ሳያጠፉ ማንቀሳቀስ አይበቃም፤ የተሳሳተውን የመጀመሪያ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ከጣሪያ ላይ መነሳት ግድ ከሆነ ድሮኑን ከወለሉ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ነገር ላይ አስቀምጡት። ቀስቱ አሁንም ካልተስተካከለ ከዚያ ጣሪያ መነሳት ይቅር።

አፑ "ኮምፓስ ካሊብሬት አድርግ" ሲል እዚያው ቆሞ ማሽከርከር የከፋ ስህተት ነው። በየጊዜው የሚደገመው ታሪክ ይህ ነው፦ ቀረጻ አለ፣ ሰው ይጠብቃል፣ አብራሪው የኮንክሪት ጣሪያ ላይ ቆሟል። አፑ ያስጠነቅቃል፤ እዚያው ያሽከረክረዋል። አይቀበልም፤ ደግሞ ያሽከረክረዋል። በአራተኛው ይቀበላል። አሁን የፌሮው ተጽዕኖ እንደ ትክክለኛ ልኬት ተመዝግቧል። ድሮኑ ይነሳል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሲያልፍ ክብ መሥራት ይጀምራል፣ አብራሪው ተደናግጦ የመመለሻ ቁልፉን ይጫናል፣ ድሮኑም አጠገቡ ካለው ሕንጻ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ከዚያ "ጂፒኤሱን ቀይሩልኝ" ብሎ ይመጣል። ሌላው ከመኪና ጣሪያ ላይ አስነስቶ ያንኑ ያደርጋል። ሌላው ደግሞ ማረፊያ ምንጣፍ ገዝቶ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን በብረት ካስማ ወጥሮ፣ ድሮኑን እመሃሉ ያስቀምጣል።

ካሊብሬት የሚደረገው ድሮኑ ካለፈው በረራ ቦታ 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲርቅ፣ ከ30 ቀን በላይ ሳይበር ሲቆይ፣ ሲወድቅ ወይም ተከፍቶ ሲጠገን ነው። ክፍት ሜዳ ላይ፣ ከመኪናና ከብረት አጥር ርቃችሁ፤ ስልክ፣ ቁልፍና ሰዓት ከኪስና ከእጅ ወጥተው። አፑ በሚያሳየው ቅደም ተከተል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ በአግድም፣ አንዴ አፍንጫውን ወደ ታች፣ ሙሉ 360 ዲግሪ ቀስ ብላችሁ አዙሩ።

መዞሩ አየር ላይ ከጀመረባችሁ ደግሞ፦

1. ሪተርን ቱ ሆምን (የመመለሻ ቁልፉን) አትንኩ። የሚመለሰው በዚያው በተሳሳተ አቅጣጫ ነው።
2. ስቲክ ለቅቃችሁ ራሱ እስኪረጋጋ አትጠብቁ። ቦታ ለመያዝ የሚታገለውና ክቡን የሚያሰፋው ስቲክ ሲለቀቅ ነው።
3. ሞዴሉ አቲ ሞድ ማብሪያ ካለው ወዲያው ቀይሩ። መዞሩ ይቆማል፤ የቀረው ነፋስ ብቻ ነው፣ እሱን በእጅ መቋቋም ይቻላል።
4. ማብሪያው ከሌለው የቀኙን ስቲክ ከሚሄድበት ተቃራኒ እየገፋችሁ፣ ሰው የሌለበት ክፍት ቦታ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉት። ሣር ላይ የተሰበረ ፕሮፔለር ከጠፋ ድሮን ይሻላል።
5. ሁለቱን ስቲኮች በአንድ ጊዜ ወደ ታችና ወደ ውስጥ አትጎትቱ። በብዙ ሞዴሎች ሞተር የማጥፊያ ትእዛዝ ነው፤ በድንጋጤ አየር ላይ ያደረገው ሰው ድሮኑን እንደ ድንጋይ ያወርደዋል።

ይህ ምልክት ከጥገና በኋላ ከመጣ ከኮምፓሱ አጠገብ ያሉትን ብሎኖች እዩ። ማግኔት የሚይዛቸው ከሆኑ ከሌላ ዕቃ የተለቀሙ ናቸው ማለት ነው። ማግኔት ያለው ካቻቢቴ የሚጠቀም ጠጋኝ ብሎኖቹን ራሱ ማግኔት ያደርጋቸዋል። ይህን የማይጠነቀቅ ሰው የድሮን ሆድ መክፈት የለበትም።

ምልክት፦ ሳተላይት አይበዛም

ቦታ ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ለበረራ ግን 10 እና ከዚያ በላይ ካላያችሁ አትነሱ። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የቆየ ወይም ሩቅ አገር የተጓዘ ድሮን መጀመሪያ ሲበራ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሙሉ መረጃ ለመውረድ 12.5 ደቂቃ ስለሚወስድ ታገሡት። ክፍት ሰማይ ሥር ሆኖ ከ5 ወይም 6 አልበልጥ ካለ የላይኛውን ሽፋን ተመልከቱ። የጂፒኤስ አንቴናው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ሥር ነው። ሰዉ ግን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ሲም የሚወስድ መከታተያ፣ የሚያብረቀርቅ የካርቦን ስቲከር እዚያው ላይ ይለጥፋል። ንቀሉት። ድሮኑ ተከፍቶ የነበረ ከሆነ ከጂፒኤስ ቦርዱ ሥር ወይም ዙሪያ የነበረው የመዳብ ፎይል መመለሱን አረጋግጡ፤ የካሜራውን ኤሌክትሪካዊ ጫጫታ የሚከለክለው እሱ ነው። ቀድዶ የጣለው ጠጋኝ "ሞጁሉ ሞቷል" ብሎ ርካሽ ኮፒ ይገጥማል፣ ያም እንደዚያው ደካማ ይሆናል።

ምልክት፦ ወደ መነሻው ተመለስ ሲባል ሌላ ቦታ ይሄዳል

ሆም ፖይንት (የመነሻ ነጥቡ) ሳይመዘገብ ተነስታችኋል። ሳተላይት ሳይበቃ ከተነሳችሁ አንዳንድ ድሮን መነሻ ብሎ የሚመዘግበው ምልክቱ የጠነከረበትን፣ ማለትም አየር ላይ ያለበትን ቦታ ነው፤ ያ ደግሞ ከወንዝ በላይ ሊሆን ይችላል። "ሆም ፖይንት ተመዝግቧል" የሚለውን ድምጽ ሳትሰሙ ስቲክ አትንኩ። የመመለሻ ከፍታውንም በአካባቢው ካለው ረጅም ዛፍ ወይም ሕንጻ በላይ አድርጉ፤ ከፍታው የሚለካው ከተነሳችሁበት ነጥብ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለም። ከተራራ ግርጌ ተነስቶ ወደ ላይ የሚበር ሰው 100 ሜትር ላይ ነኝ ሲል ዛፍ ውስጥ ይገባል።

ያለ ጂፒኤስ፦ ቤት ውስጥ፣ ድልድይ ሥር፣ ጠባብ ሸለቆ

ቤት ውስጥ ድንገት ወደ ጣሪያ የሚወጣ ድሮን አልተበላሸም። በመስኮት በኩል ሳተላይት አግኝቶ መነሻ መዝግቧል፤ የሪሞቱ ግንኙነት ሲቋረጥ ወይም ባትሪው ሲያንስ መመለሻ ከፍታው ላይ ለመድረስ ይወጣል። ቤት ውስጥ ከማብረር በፊት "ግንኙነት ሲጠፋ" የሚለውን ቅንብር ወደ ባለበት መቆም ወይም ማረፍ ቀይሩ። ከመስኮትም ራቁ፤ መስኮት አጠገብ ሳተላይቱ መጣ ሄደ ስለሚል ድሮኑ ድንገት ይወረወራል።

እዚህ የሚይዘው የሆድ ካሜራ ብቻ ነው። በብዙ ትንንሽ ድሮኖች እስከ 10 ሜትር ገደማ ይሠራል፣ ብርሃንና ቅርጽ ያለው ወለል ይፈልጋል። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ውኃ፣ በረዶ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ምንጣፍ ያሳውረዋል። ውኃ ላይ ደግሞ ማዕበሉን መሬት መስሎት አብሮ ይሄዳል፤ ከውኃ ቢያንስ ጥቂት ሜትር ከፍ በሉ። የሆድ ካሜራዎቹን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። የጣት አሻራ ብቻውን ቦታ ሊያስለቅቅ ይችላል።

አቲ ሞድ ውስጥ ስቲክ መልቀቅ ፍሬን አይደለም። ለማቆም ከሚሄድበት ተቃራኒ ትንሽ ገፍታችሁ፣ ሲቆም ትለቃላችሁ። አፍንጫው ወዴት እንደሆነ ከጠፋባችሁ የቀኙን ስቲክ በትንሹ ወደ ቀኝ ግፉ። ወደ ቀኛችሁ ከሄደ ጀርባውን ሰጥቷችኋል፣ ወደ ግራችሁ ከሄደ ፊቱን፤ ከራቀ ወይም ከቀረበ ጎኑን። የግራውን ስቲክ ተጠቅማችሁ ጀርባው ወደ እናንተ እስኪዞር አዙሩትና አምጡት። ሄድለስ የሚባለው፣ አፍንጫው የትም ቢዞር ስቲኩ በአብራሪው አቅጣጫ የሚሠራበት ሞድ እዚህ አያድንም፤ እሱም በብዙ ሞዴሎች የኮምፓስ ጥገኛ ነው። ይህን ልምምድ ነፋስ በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ አስቀድማችሁ አድርጉት።

ሌሎች ምልክቶች

ሙሉ ጂፒኤስ ይዞ ነፋስ ከወሰደው ነፋሱ ከአቅሙ በላይ ነው፤ ትንንሾቹ የሚችሉት እስከ 10 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው። ዝቅ በሉ፣ ከታች ነፋሱ ይቀንሳል። ስፖርት ሞድ ይጨምርላችኋል፤ ግን በብዙ ሞዴሎች እንቅፋት ማወቂያው እንደሚጠፋ አትርሱ።

ቪዲዮው ከተንቀጠቀጠና አፑ የአይኤምዩ (የጋይሮስኮፑና የአክስለሮሜትሩ) ስህተት ካሳየ መጀመሪያ ፕሮፔለር ለውጡ። ኮፒ ፕሮፔለር ሚዛን የለውም፤ አዲስ ከካርቶን ወጥቶም ይንቀጠቀጣል። ጥንዶቹን አብራችሁ ለውጡ።

ሲነሳ ከተገለበጠ ሀ እና ለ ዓይነት ፕሮፔለሮች ተቀያይረው ገብተዋል።

ዝቅ ብሎ ሲበር ከፍታው ከዋዠቀ ባሮሜትሩ ላይ ያለው ስፖንጅ መኖሩን እዩ።

በአካባቢው ያለ ድሮን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳተላይት ካጣ ወይም ቦታው ካርታው ላይ ከዘለለ የጂፒኤስ ማፈኛ አለ፤ በእጅ አሳርፉና ቦታውን ልቀቁ። የፀሐይ ማዕበልም ያዛባል፤ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የተከሰተው በጂፒኤስ የሚመሩ የእርሻ ትራክተሮችን ሳይቀር አስቁሟል። የምድር መግነጢሳዊ መስክ መናወጥ የሚለካበት የኬፒ ቁጥር 5 ሲደርስ በረራውን ለሌላ ቀን አድርጉት።

ድሮኑ ወድቆ ለጥገና ከሄደ ሶፍትዌር ከመጫኑ በፊት የበረራ መዝገቡን ከአፑ ቅዱ። መጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ ሳተላይቱ ብዙ ሆኖ ሞዱ ወደ አቲ ከተቀየረ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት የተነሳበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ።