ለኤልሳት እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር የሚያስብ ሰው ኤልሳት የሚባለው ፈተና ይጠብቀዋል። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚቀበሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሁሉም የሚቀበሉት ግን ኤልሳትን ነው። የሕግ መጽሐፍ ገዝታችሁ ማጥናት አያስፈልግም። ፈተናው ስለ ሕግ አንቀጽ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ክርክር የቱ ጋ እንደሚያነክስ ለይታችሁ ማወቃችሁን ነው። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ የባላጋራቸውን ቃል አጥብቀው ሰምተው ክፍተቱን ይይዙ ነበር። ያ ጆሮ እዚህም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ፈተናውን እወቁት። አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 35 ደቂቃ ነው። ነጥብ የሚያዝባቸው ሦስት ናቸው፦ ሁለት የክርክር፣ አንድ የንባብ። በቀረው ክፍል አዳዲስ ጥያቄዎች ይሞከሩበታል እንጂ ነጥብ የለውም። የትኛው እንደሆነ ስለማይነገራችሁ ሁሉንም ከልባችሁ ሥሩ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ሎጂክ ጌምስ የሚባለው፣ እንቆቅልሽ መሰል የአመክንዮ ጥያቄዎች የነበሩበት ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሮጌ መጽሐፍ ከሰው ካገኛችሁ ያንን ክፍል ዝለሉት።

ቀጥሎ፣ ምንም ሳታጠኑ አንድ ሙሉ ፈተና በሰዓት ውሰዱ። የፈተናው አዘጋጅ ሎውሃብ በተባለው ድረ ገጹ ላይ የተወሰኑ እውነተኛ ፈተናዎችን በነጻ ያቀርባል። ውጤቱ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። መነሻችሁን ለማወቅ ነው።

ለጥናቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ያዙ። ሺፍት እየሠራችሁ ከሆነ ስድስቱ ይሻላል። እሁድን ሙሉ ቀን ከመቀመጥ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል መሥራት ይበልጣል።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ፈተና በፈተና ላይ ይደራርብና ውጤቱ አልንቀሳቀስ ይለዋል። ነጥብ የሚጨምረው ስህተትን መመርመር ነው። በሰዓት ስትሠሩ የተጠራጠራችሁበትን ሁሉ ምልክት አድርጉ። መልሱን ሳታዩ፣ ያለ ሰዓት፣ እንደገና ሥሩት። ከዚያ ብቻ መልሱን እዩ። በሁለተኛው ዙር ካገኛችሁት ችግራችሁ ፍጥነት ነው። ያኔም ከሳታችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። ሁለቱ መድኃኒታቸው ይለያያል። ለስህተታችሁ አንድ ደብተር ያዙ፤ የተሳሳተው መልስ ለምን እንዳታለላችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። በአማርኛ ብትጽፉትም ይሠራል፣ እንዲያውም ጠልቆ ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንይ። «መንገዱ ላይ መብራት ከተተከለ ወዲህ አደጋ ቀንሷል። ስለዚህ አደጋውን የቀነሰው መብራቱ ነው።» ትክክል ይመስላል። በዚያው ወር የትራፊክ ፖሊስ ቁጥጥር በርትቶ ቢሆንስ? ተናጋሪው ሌላ ምክንያት እንደሌለ ሳይናገር ወስዶታል። እንዲህ ያለውን ክፍተት በየጥያቄው መፈለግ ልመዱ። በአንድ የክርክር ክፍል 25 ያህል ጥያቄ ስላለ ለአንዱ ደቂቃ ተኩል እንኳን አይደርሰውም። ፍጥነቱ የሚመጣው ከልምድ ነው።

እንግሊዝኛን በኋላ የተማራችሁ ከሆነ ትንንሾቹን ቃላት ተጠንቀቁ። «ፈቃድ ያለው ብቻ ይገባል» ማለት ፈቃድ ያለው ሁሉ ይገባል ማለት አይደለም። «አንለስ» (unless፣ «ካልሆነ በቀር») የምትለው ቃል ብዙ ሰው ትጥላለች። «አንዳንድ» ሲባል ደግሞ በዚህ ፈተና ቢያንስ አንድ ማለት ነው፤ ሁሉም ሊሆን ይችላል።

ለንባቡ ክፍል በየቀኑ ከበድ ያለ ጽሑፍ አንብቡ፤ ሳይንስም፣ ታሪክም፣ ጥበብም። ስትጨርሱ ጸሐፊው ምን አቋም እንዳለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የምትተዉት ጥያቄ አይኑር። ለብቻው የምትጽፉት የ50 ደቂቃ ድርሰትም አለ። ነጥብ ባይሰጠውም ትምህርት ቤቶቹ ስለሚያዩት አትናቁት።

ምዝገባው ከፈተናው ቀን ከወር በላይ ቀድሞ ይዘጋል። የገቢያችሁ መጠን ዝቅተኛ ከሆነ ከክፍያ ነጻ የመሆን ማመልከቻ አለ፤ የተፈቀደለት ሰው እንደ ተፈቀደለት ደረጃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ሳይከፍል ይፈተናል። ግን ከመፈቀዱ በፊት የከፈላችሁት ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ማመልከቻውን አስገቡና መልሱን ጠብቁ።