ለአንድ ቤት ብዙ ገዢ ሲመጣ ምን እናድርግ?

ሐዋሳ፣ አቶቴ ያለውን የእናታችንን ቤት ለሽያጭ ባወጣን በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ገዢ በአንዴ መጣ። እኔ ጠዋት ከአንድ አዛውንት 200 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልኩ። ወንድሜ ደግሞ ከሰዓት በሌላ ደላላ በኩል ከመጣ ሰው ቀብድ ተቀብሎ ማታ ቤት ገባ። አልተደዋወልንም ነበር። ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማናችንም መናገር አልቻልንም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ግልጽ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ለአዛውንቱ 400 ሺህ ብር መለስን። ወረቀቱን ሲመልሱልን «ልጆቼ፣ እኔ የፈለግኩት ቤቱን ነበር» አሉን። እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያዙት።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን ጨርሱ። ካርታው በስማችሁ ይሁን። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሽነቱ በፍርድ ቤት ይረጋገጥ። ባለትዳር ከሆናችሁ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል። የግብርም ሆነ የሊዝ ውዝፍ ካለ ክፈሉ።

ከዚያ በቤተሰቡ ስም የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ። ሌሎቻችሁ ስልክ ቢደወልላችሁ «እሱን አናግሩት» በሉ፣ አለቀ። ለደላሎቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ዋጋ ንገሩ። ደላላ ገዢ ያምጣ እንጂ ቀብድ አይቀበልላችሁ። ደግሞ የሌለ ገዢ ፈጥራችሁ ዋጋ ለመስቀል አትሞክሩ። ሐዋሳ ውስጥ ደላሎች ይተዋወቃሉ፤ ማታውኑ ይታወቅባችኋል።

ቀን ቁረጡ። «እስከ ቅዳሜ የመጨረሻ ዋጋችሁን ንገሩኝ፣ እሁድ መልስ እሰጣለሁ» ማለት ነውር የለውም። እስከዚያ «አሁኑኑ ቀብድ ላስይዝ» ብሎ የሚያጣድፍ ይኖራል። ጥድፊያው የሱ ነው፤ እናንተ ጠብቁ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ገዢዎቹን ማወዳደር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ እኛም የተሳሳትነው እዚሁ ነው። የመረጥነው በዋጋ የበለጠውን፣ ወንድሜ ቀብድ የተቀበለውን ሰው ነበር። ሰውየው የባንክ ብድር ይጠብቅ ነበር፣ እኛ ግን አልጠየቅነውም። የባንኩ መሐንዲስ መጥቶ፣ ክፍሎቹን ለክቶ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ ሄደ። ግምቱ ሲመጣ ከተስማማንበት ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው። ባንክ የሚያበድረው የራሱን ግምት ይዞ ነው፤ እኛ በስንት ተስማማን አይመለከተውም። ገዢው ልዩነቱን ከኪሱ መሙላት አልቻለም። ሁለት ወር ጠብቀን ሽያጩ ቀረ። ቀብዳቸውን የመለስንላቸው አዛውንት ገንዘባቸው ባንክ ተቀምጦ ነበር።

አሁን ማንም ሲያማክረኝ አንድ ደብተር ግዙ እላለሁ። ለእያንዳንዱ ገዢ አንድ ገጽ። ዋጋውን ከታች ጻፉት። ከላይ የሚጻፈው ይኼ ነው፦ ገንዘቡ አሁን የት ነው? በእጁ ነው፣ በብድር ነው፣ ወይስ ሌላ ቤት ሸጦ ነው? በስንት ቀን ይጨርሳል? የስም ማዛወሪያውንና ግብሩን ማን ይከፍላል? ቤቱን መቼ እንድትለቁለት ይፈልጋል? ተከራይ ካላችሁ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ጉዳይ ነው። «በእጄ ነው» ላለ ሰው የባንክ ሂሳብ መግለጫ ማየት እንደምትፈልጉ በትህትና ንገሩት። የምሩን የሚገዛ አይቀየምም። እኔ ብሆን በሁለት ሳምንት የሚከፍለውን፣ ትንሽ ዝቅ ቢልም፣ «ቤቴን ሸጬ» ከሚለው አስበልጠዋለሁ።

ከመረጣችሁ በኋላ ብቻ ቀብድ ተቀበሉ፤ ያውም በጽሑፍና በምስክር ፊት። ወረቀቱ ላይ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይግባ። ገዢው ተበዳሪ ከሆነ ባንኩ ቢከለክል ወይም ግምቱ ቢያንስ ቀብዱ ምን እንደሚሆን አብሮ ይጻፍ። እኛ ይህቺን አንድ መስመር ጽፈን ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ እንድን ነበር።

ላልመረጣችኋቸው ደውሉ። ዝም አትበሉ። ሁለተኛ የወጣውን «ይኼ ካልተሳካ መጀመሪያ የምደውለው ለእርስዎ ነው» በሉት፤ ስልኩንም ደብተሩ ላይ አኑሩ።

የሽያጭ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁም አስመዝግቡት። ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ የሚል ከመጣ እምቢ በሉ። ክርክር ቢነሳ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ውሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ ግብርን መደበቅም ያስጠይቃል። በሲፒኦ (ባንክ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) የሚከፈላችሁ ከሆነ ወረቀቱን አይታችሁ አትመኑ፤ ያወጣው ባንክ ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ቁልፉን የምታስረክቡት ገንዘቡ ሂሳባችሁ ከገባ በኋላ ነው። በዚያው ቀን ከገዢው ጋር የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ አንብቡ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።