ሽቦውን ከገቨርነሩ ላይ ፍቱት፦ በትንንሽ ሞተሮች ላይ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ሩዙ ታጭዶ ሽንኩርቱ ሲተከል በፎገራ ሜዳ ላይ የሞተር ድምፅ አይጠፋም። ከርብና ከጉማራ ወንዞች ውሃ የሚስቡ የቤንዚን ፓምፖችን መጠገን ሥራዬ ነው፤ በመካከሉ የሱቅ ጀነሬተሮችም ይመጣሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚወጡት ሞተሮች ብዙዎቹን ያበላሻቸው እርጅና ሳይሆን የሰው እጅ ነው። ካርቡራተር የነዳጁን ልክ ይጠብቃል፤ ገቨርነር ፍጥነቱን ይጠብቃል። የአንዱን በሽታ በሌላው ላይ ማከም ከጀመርን ሁለቱንም እናጣለን።

ገቨርነርን በሽቦ ማሰር

ይህን ስህተት ባለፈው ሳምንት ደግሜ ባላየው ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጀምረውም ነበር።

ገቨርነር በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከር፣ ትንንሽ ክብደቶች የተገጠሙበት ባለጥርስ መዘውር ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ክንዱን ገፍተው ነዳጅና አየር ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈውን የካርቡራተሩን ክንፍ ይዘጋሉ። ሞላው ደግሞ ያንኑ ክንፍ ለመክፈት ይስባል። ሁለቱ በሚተካከሉበት ቦታ ፍጥነቱ ይረጋል። ጭነት ሲመጣ ሞተሩ ይዘገያል፣ ክብደቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ሞላው ክንፉን ይከፍታል፤ ማንም ሳይነካው ነዳጅ ይጨመርለታል። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ ያዋለው ሐሳብ ዛሬ እርሻችሁ ዳር ቆሞ ያገለግላችኋል።

ታዲያ ውሃ ሲያንስ «ሞተሩ ጉልበት አጣ» ይባልና ሞላው በሽቦ ይወጠራል፤ ሲብስም ክንፉ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይታሰራል። ፓምፑ ውሃ እስከያዘ ድረስ ምንም አይታይም፤ ውሃው ራሱ ሞተሩን ይዞታልና። የመምጠጫው ቱቦ አየር የሳበ ዕለት ግን ጭነቱ በቅጽበት ይጠፋል፤ ክንፉን የሚዘጋ ደግሞ የለም። በእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ቢየላ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ቢየላውን የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በደቂቃ 3,600 ዙር ገደማ እንዲሠራ የተሠራ ዕቃ ይህን አይችልም።

ከጉማራ ዳር አንድ አባት ፓምፓቸውን በአህያ ጭነው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ትናንት እኮ ውሃው ግሩም ነበር» አሉኝ። የሞተሩ ጎን አውራ ጣት በሚያስገባ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ቢየላው ሰብሮት ወጥቷል። ሽቦው አሁንም በሞላው ላይ ነበር። አብሬያቸው ወርጄ ቱቦውን ከወንዙ ሳወጣው ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት በጭቃና በሣር ተደፍኖ አገኘሁት። ውሃ ያነሰው ለዚህ ነው። ያንን ወንፊት ማጠብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ሽንኩርታቸው ውሃ በሚፈልግበት ሳምንት ይህን ለእሳቸው መንገር እንዴት እንደከበደኝ አልረሳውም።

ስለዚህ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ ወንፊቱን፣ ቀጥሎ የቱቦውን መጋጠሚያ፣ ከዚያ የአየር ማጣሪያውን እዩ። የገቨርነሩ ክንድ በእርግጥ ከዘንጉ ላይ ከላላ ደግሞ ማስተካከያው ቀላል ነው። የክንዱን ብሎን አላሉ፤ ክንፉን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ዘንግ፣ ክንዱ ክንፉን ለመክፈት በሄደበት አቅጣጫ እስኪቆም ድረስ አዙሩትና እንደያዛችሁት አጥብቁ። አንድ ቁልፍና አንድ ፒንሳ ይበቃል። ሽቦ የትም ቦታ አያስፈልግም።

ጂግለርን በብረት መጎርጎር

ጂግለር፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁ የሚለካበት ባለቀዳዳ ቁራጭ፣ ናስ ነው፤ ናስ ለስላሳ ነው። 0.65 ሚሊሜትር የነበረ ቀዳዳ በብረት ሽቦ ተጎርጉሮ 0.75 ቢደርስ በዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ የቀዳዳው ስፋት ግን በሲሶ ጨምሯል። ከዚያ በኋላ ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ ቶሎ የሚያልቅ ቤንዚን ይከተላል። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከፍሬን ገመድ በመዘዝኩት ሽቦ የሰው ሞተር አበላሽቻለሁ፤ ለባለቤቱም «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አርጅቷል» ብዬ ነግሬዋለሁ። እውነቱ የገባኝ አዲስ ጂግለር ገጥሜ ጭሱ ሲጠፋ ነው። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፉት፤ በአየር ንፉት፤ እምቢ ካለ የናይለን ክር አሳልፉበት። ጣና ዳር የዓሣ መረብ ክር አይጠፋም።

ሞተሩ ሲዋዥቅ ሞላውን መንካት

ያለ ጭነት ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮህ ሞተር ብዙውን ጊዜ ነዳጅ አንሶታል፤ ወይ የሚኒሞው (ያለ ጭነት ሲዞር ነዳጅ የሚሰጠው) ጂግለር ተደፍኗል፣ ወይ በካርቡራተሩ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው ማሸጊያ) በኩል አየር ይገባል። የአየሩን መግቢያ የሚያጠበውን ቾክ ጥቂት ሳቡት። ድምፁ ከረጋ ጥፋቱ ከነዳጁ ነው፤ ገቨርነሩን ተዉት።

ከፍታን መርሳት

ጣና ዙሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። በየ300 ሜትሩ የሞተር ጉልበት በ3.5 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉ እዚህ አይገኝም። ምንም ያህል ሞላ ብንወጥር አይመለስም። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር ጠበብ ያለ ጂግለር የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ያንኑ ሞተር ወደ መተማ ቆላ ስትወስዱት ግን የቀድሞውን ጂግለር መልሱለት፤ አለዚያ ነዳጅ አንሶት ይግላል።

ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ማሠራት

ፓምፕ የሚጠይቀው ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ነው የሚሄደው (ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል)፤ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ብትቀንሱ የሚጠየቀው ጉልበት በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ወንዙ ቅርብ ሆኖ ውሃው ቦዩን የሚሸረሽር ከሆነ የፍጥነቱን ማንሻ ዝቅ አድርጉ። ዳገቱ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ውሃው በአንድ ጊዜ ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ ለኩ። ለመለኪያ የሚያስፈልገው የሊትር ዕቃ፣ የእጅ ሰዓትና ባለ 200 ሊትር በርሜል ብቻ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት በርሜል እንደሞላ በሁለት ሦስት የማንሻ ቦታዎች ላይ ጻፉ። ይህን ያደረጉ ደንበኞቼ ማንሻቸው ላይ በቀለም ምልክት አላቸው።

ጀነሬተርን በጆሮ ማስተካከል

በእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የተለመደው ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ይህን የሚሰጠው በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ነው። ያለ ጭነት 51 ወይም 52 ኸርዝ ላይ ተዉት፤ ጭነት ሲገባ ወደ 50 ይወርዳል። ኸርዝ የሚያነብ ርካሽ መልቲሜትር ከየትኛውም ጆሮ ይበልጣል። «ቤንዚን ይቆጥባል» ብለው የሚያዘገዩት ሰዎች የፍሪጃቸውን ሞተር ያቃጥላሉ።

በካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠመውን የዙር መለኪያ ለምትጠቀሙ ወጣት ባለሙያዎች፦ እነዚህ ባለአራት ምት ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በየዙሩ እሳት ይሰጣሉ። መለኪያውን በሁለት ዙር አንድ እሳት ላይ ካደረጋችሁት እጥፍ ያነብባል። አንድ ጎበዝ ልጅ 6,000 አየሁ ብሎ ደንግጦ ጤነኛውን ጀነሬተር ወደ 1,500 ሲያወርደው አጠገቡ ደርሼ አስቆሜዋለሁ።

ቾክን ሳይመልሱ መዋል

ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥበዋል፤ ፋሻ ይበላል።

የአየር ማጣሪያን አውጥቶ መጣል

ጉልበት የሚጨምር ይመስላል፤ የሚጨምረው አቧራ ነው። ስፖንጁ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ነክቶት ተጨምቆ ይመለሳል።

ቤንዚን በካርቡራተር ውስጥ አክርሞ መተው

በመስኖው ወቅት መጀመሪያ የሚመጡልኝ የሚዋዥቁ ሞተሮች በአብዛኛው የክረምቱ ቤንዚን ሚኒሞው ውስጥ ደርቆ የደፈናቸው ናቸው። ባለቤቱ መዋዠቁን ሲሰማ ሞላውን ይነካል፤ ሞላው አልበቃ ሲል ሽቦ ይፈልጋል። ዝናቡ ሲገባ የነዳጁን ቧንቧ ዝጉና ሞተሩ ጨርሶ እስኪጠፋ አሠሩት፤ ከዚያ በካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትታችሁ የቀረውን አፍስሱ። የጉማራው አባት አሁን ሌላ ፓምፕ አላቸው። ባለፈው ሰኔ ቧንቧውን ዘግተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ቆመው ሲጠብቁ አየኋቸው።